ስሜ የቀደመበት ወረቀት

ከደብረ ታቦር የወጣሁበትን ሌሊት ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የምትለኝ እናቴ አይደለችም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትዝ የሚለኝ የደሳለኝ ካርቶን ነው። የእኔ ሻንጣ አዲስ ነበር፣ አባቴ ከጎንደር ያስመጣልኝ፣ ቁልፍ ያለው። የእሱ በሲባጎ የታሰረ አሮጌ ካርቶን። ታዲያ ሸኚው ሁሉ የከበበው ያን ካርቶን ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ያጓራል፣ ብርዱ ከጉና ወርዶ ጆሮ ይቆርጣል፣ የከተማው ሹፌርና መካኒክ በሙሉ ጋቢውን ተከናንቦ ደሳለኝን ሊሸኝ ወጥቷል። እኔን የሸኙኝ አባቴ፣ እናቴና አንዲት አክስቴ ናቸው። ከአገር የምወጣው ለስንት ዓመት እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ፣ በዚያ ጨለማ ቆሜ የማየው የሰው ሸኚ ነበር።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁና እንደኔ ወጥታችሁ ለቀራችሁ ነው። ናፍቆቱስ እኔንም አልማረኝም። ነገር ግን የእኔን ኑሮ የሠራውም ያበላሸውም ቅናት ስለሆነ፣ እሱን ዘልዬ ስለ በረዶና ስለ ባቡር ብቻ ባወራላችሁ ውሸታም እሆናለሁ።

ደሳለኝ የሹፌር ባዬ ልጅ ነው። ክርስትና ያነሳው አባቴ አስተማሪው ዘለቀ ስለሆነ ቤተሰቦቻችን አበልጅ ናቸው፤ በሁለት ዓመት ስለምበልጠው እኔ ለእሱ «አያ ታደሰ» ነኝ። በእኛ አገር ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። በር ላይ ስንደርስ እኔ ካልገባሁ አይገባም። ማዕድ ከቀረበ እኔ ካልቆረስሁ እጁን አይሰድም። የእጅ ውሃ ይዘው ሲመጡ በአገጩ ወደ እኔ ይጠቁማል። «አያ፣ አንተ ቅደም» ይላል። ልጅ ሳለሁ ይህች ቃል ማር ነበረች። ኋላ ግን በትምህርት ደብል መትቶ ደርሶብኝ አንድ ክፍል ስንቀመጥ፣ ሒሳቡን እኔ ሳምንት አጥንቼ የምሠራውን እሱ ክረምቱን ሙሉ ከአባቱ ጋር በጭነት መኪና ሲዞር ከርሞ መጥቶ ቆሞ ሲሠራው፣ በር ላይ «አንተ ቅደም» ማለቱ መሳለቅ ይመስለኝ ጀመር። አልነበረም። የማያሾፍ ሰው ላይ መቅናት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፣ ምክንያት አይሰጥህማ።

ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሚላኩ ተማሪዎች ስም ሲወጣ ሁለታችንም ገባን። የድጋፍ ደብዳቤ ለማጻፍ ቀበሌ ሄድን።

«ምን ልትማሩ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የቁጥጥር ምህንድስና ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልሁ እኔ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ብዕሩን አስቀመጠ። «ማንን ነው የምትቆጣጠሩት?»

«ማሽን ነው ጓድ። ሞተር፣ መኪና… ሰው ሳይነካው ራሱን እንዲቆጣጠር።»

ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ያለ ቀበሌ ራሱን የሚቆጣጠር ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?»

ጸሐፊው ሰምቶ እንደማያውቅ በአብዮቱ ስም ማለ። ደሳለኝ ነው ያዳነን። «ጓድ፣ የሰፊው ሕዝብ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዳይበጥስ ነው የምንማረው» አለ።

«ታዲያ እንደዚህ አይባልም?» ብሎ ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አነሳ። ጸሐፊውም «ጓድ ደሳለኝ ባዬ እና አብሮት ያለው» ብሎ ጻፈ። አብሮት ያለው! እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ደሳለኝ ቀደመኝና «እንዲህማ አይሆንም፣ አያ ታደሰ ታላቄ ነው፣ የእሱ ስም ይቅደም» አለ። ጸሐፊው እያጉረመረመ ሌላ ወረቀት አወጣ። አመሰገንሁት። ቤት ስንደርስ ግን ሆዴ ውስጥ የቀረችው የመጀመሪያዋ ወረቀት ናት።

ድሬስደን የምትባል ከተማ ነው የደረስን። ሁሉም ሰው «ብርዱ ይገድላችኋል» ብሎን ነበር፤ ለደብረ ታቦር ልጅ ብርድ ብርቅ አይደለም። ያስቸገረን ጭጋጉ ነው። የእኛ አገር ጭጋግ ጠዋት ይመጣል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ተነሥቶ ይሄዳል፤ የእነሱ እንደ መጥፎ እንግዳ ተቀምጦ ይከርማል። ምግቡ ድንች ነው፣ ጠዋት ድንች፣ ማታ ድንች። ድንች ሲቆፍር ላደገ የፋርጣ ሰው ድንች! ደሳለኝ ግን ይህንንም ወደደው። ወጥ ቤቷን ሴትዮ አመድ ውስጥ የተጠበሰ ድንች እንዴት እንደሚጣፍጥ በተሰባበረ ጀርመንኛ ሲያስረዳት ሳቀች፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ሳህኑ ላይ አንድ ጭልፋ ትጨምርለታለች። የእኔ ጀርመንኛ ንጹሕ ነበር። ዴር፣ ዲ፣ ዳስ የሚሉትን የስም ጾታ አንድ ቀን አልተሳሳትሁም። አንድ ቀንም አልተጨመረልኝም።

የማደሪያችን ኃላፊ ፍራው ሊንከ የሚሏት ሴት ናት፣ ቁልፏን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞር። ደሳለኝ ከጣውላና ከአሮጌ የሕፃን ጋሪ ጎማ ትንሽ መኪና ሠርቶ በመተላለፊያው ዘቅዛቃ ላይ እየለቀቀ ይሞክር ነበር። አንድ ቀን ወጥታ ያዘችን።

«በማደሪያ ውስጥ ተሽከርካሪ መንዳት ክልክል ነው።»

«ተሽከርካሪ አይደለም፣ ሞዴል ነው» አልሁ።

«ጎማ አለው?»

«አለው።»

«ይሽከረከራል?»

«ይሽከረከራል።»

«እንግዲያስ ተሽከርካሪ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው።» ከዚያ ወደ ደሳለኝ ጎንበስ አለችና፣ «ፍሬኑ ግን ለምን ከግራ ብቻ ይይዛል?» አለችው። ባሏ ለካ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በሳምንቱ የባሏን የሥራ ጓንት አምጥታ ሰጠችው። ደንቡ ለእኔ ቀረ።

አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ። የመጨረሻው ዓመት ላይ ፕሮፌሰሩ ለሁለታችን አንድ ሥራ ሰጡን። በጋራ እንድንሠራው፣ በጋራ እንድናቀርበው። ነገሩን በቀላሉ ልንገራችሁ። ከባድ መኪና ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ሹፌሩ ፍሬን ረግጦ ከያዘ ፍሬኑ ይግላል፣ ሲግል ይላላል፣ ሲላላ አይዝም። መኪናው ራሱ ይህን አውቆ፣ ፍሬኑ ሳይግል እየያዘና እየለቀቀ እንዲወርድ ማድረግ ነው የተፈለገው። በቤተ ሙከራው ውስጥ የፍሬን ፔዳል የሚረግጥ አንድ የብረት እግር ነበር፣ እንደምታስቡት ሰው የሚመስል ሮቦት ሳይሆን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ብቻ ያለው። ችግሩ እግሩ መቼ እንደሚለቅ የሚያውቅበት መንገድ አለመኖሩ ነው። ፍሬኑ ውስጥ የሚያስገቡት የሙቀት መለኪያ እሱም አብሮ ይቃጠላል። ከእኛ በፊት ሦስት ረዳት ተመራማሪዎች ሞክረው ትተውታል።

ደሳለኝ ሰባት ቀን ያህል የብረቱን እግር ቁጭ ብሎ ሲያየው ሰነበተ። በስምንተኛው «አያ፣ አባቴ እኮ መለኪያ የለውም» አለኝ።

«እና?»

«የአለም ሳጋን ቁልቁለት ሠላሳ ዓመት ወርዶታል፣ አንድ ቀን ፍሬን አልበጠሰም። እንዴት አወቅህ ስለው "እግሬ ሥር ሲለሰልስ አውቀዋለሁ" ነው የሚለኝ። ያን ያህል ስረግጥ ያን ያህል መቆም ነበረባት፣ አልቆመችም፤ ስለዚህ ግሏል፤ ስለዚህ ልልቀቃት፣ በማርሽ ልያዛት። አየህ? ሙቀቱን ማየት አያስፈልግም። መቆም ከነበረባት ላይ የቆመችውን መቀነስ ነው።»

የማይታየውን ከሚታየው ማስላት። መጻሕፍቱ ውስጥ ስም አለው፣ ቀመሩን እኔ በቃሌ እወጣው ነበር። ግን ሹፌር ባዬን ሺህ ጊዜ አይቼ፣ ከጎኑም ተቀምጬ በዚያው ቁልቁለት ወረታ ከተማ ወርጄ፣ ቀመሩ እዚያ ሰውዬ እግር ሥር እንዳለ አልታየኝም። ደሳለኝ በባለ ካሬ ደብተር አርባ ገጽ ሞላ። የብረቱ እግር እንደ አገራችን ሹፌር ነካ እያደረገ መልቀቅ ጀመረ፤ ረጅሙን ቁልቁለት፣ ቁልቁለት አስመስሎ በሚሽከረከር የመሞከሪያ ጎማ ላይ ጨረሰው። ረዳቶቹ አጨበጨቡ። ያን ቀን ደሳለኝ እግሩን «ባዬ» ብሎ ሰየመው፤ ጀርመኖቹም ያዙለት። ጠዋት ሲገቡ «ጉተን ሞርገን፣ ባዬ!» ብለው እንደምን አደርህ ይሉታል። የእኔ አባት አርባ ዓመት አስተምሯል፣ በስሙ የተጠራ አንድ ብሎን የለም።

ድርሻዬን ልናገር፣ ፍርዱ የእናንተ ይሁን። ቀመሩ ላይ ሁለት ቦታ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ስሕተት አርሜያለሁ፣ ሙሉውን ጽሑፍ በንጹሕ ጀርመንኛ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ የለኝም።

ጽሑፉን በጽሕፈት መኪና እየመታሁ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስደርስ ደሳለኝ አጠገቤ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። «ስማችንን እንዴት ላድርገው?» አልሁት። ለምን እንደጠየቅሁ አሁን አውቃለሁ።

«ይሄ ምን ጥያቄ አለው? የታላቅ ስም ይቀድማል» አለ።

እዚያ አገር ስም የሚቀመጠው በአባት ስም ፊደል ተራ ነው። ባዬ ከዘለቀ ይቀድማል። ተራው ከተገለበጠ ግን ትርጉም አለው፣ ሐሳቡ የፊተኛው ነው ማለት ነው። ይህን በአንድ ትምህርት ላይ ነግረውን ነበር፤ ደሳለኝ በዚያ ቀን ወርክሾፕ ስለነበረ አልሰማም፣ ወይም እኔ እንደዚያ አሰብሁ። ልነግረው እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የእኔን ስም አስቀድሜ መታሁት።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ፤ ከሁለታችን አንዱ ለዶክትሬት እንዲቀር፣ ሌላው ለአገር ግንባታ በአስቸኳይ እንዲመለስ። ምርጫው ለፕሮፌሰሩ ተተወ። ጠሩኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፣ መነጽራቸው ወረቀቱ ላይ።

«ሄር ዘለቀ፣ የስሞቹ ቅደም ተከተል በስሕተት ነው?»

«አይደለም፣ ፕሮፌሰር።»

«ሆን ተብሎ ነው።»

«አዎ።»

«እንግዲያስ ዋናው ሐሳብ የእርስዎ ነው ማለት ነው። ይቅርታ፣ እርግጠኛ መሆን ስለፈለግሁ ነው።»

ዝም አልሁ። ዝም አይነቅዝም ይላል አገራችን፤ የእኔ ዝምታ ግን እዚያው ወንበር ላይ ነቀዘ። እሳቸው ትሕትና መስሏቸው ፈገግ አሉና እጄን ጨበጡኝ።

ደሳለኝ ሲሰማ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። «እንኳን ደስ አለህ አያ!» አለኝ፣ ሳቁ ከሆዱ። እኔም ሳቅሁ፤ ማሽላ እያረረ ይስቃል። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘሁት። ሊገባ ሲል ከካርቶኑ ውስጥ ያን ባለ ካሬ ደብተር አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው። «ለሥራህ ይሆንሃል» አለ። ያን ጊዜ ቢሰድበኝ ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው እሆን ነበር።

አራት ዓመት በዚያ ደብተር ኖርሁ። እየቆረስሁ በላሁት ብል ይሻላል። ፕሮፌሰሩ አዲስ ነገር ሲጠይቁኝ አንድ ገጽ እገልጥና ጥግ ላይ በእርሳስ የጻፋትን አውጥቼ አሰፋፋታለሁ። ራሴን ችዬ ያሰብሁት ነገር ሁሉ ወይ ቀድሞ ተሠርቷል ወይ አይሠራም። ጠዋት «ጉተን ሞርገን፣ ባዬ» ሲሉ እየሰማሁ እገባለሁ።

ከአገር ቤት ደግሞ የአባቴ ደብዳቤ ይመጣል። የአባቴ ደብዳቤ ስለ እኔ ጤና ሁለት መስመር፣ ስለ ደሳለኝ ሁለት ገጽ ነው። ደሳለኝ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ተመደበ። የሠራነውን ዓይነት መሣሪያ ማስገባት ቀርቶ ብሎን እንኳ የለም። ታዲያ እሱ ምን አደረገ መሰላችሁ? አለም ሳጋ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ሜዳ አስጠርጎ፣ የሚወርድ መኪና ሁሉ እዚያ ቆሞ ፍሬኑን እንዲያበርድ፣ ሹፌሩ ወርዶ በእጁ ጀርባ ጎማውን እየዳሰሰ እንዲያይ አስለመደ። ማርሽ ዜሮ አድርጎ ነዳጅ ሊቆጥብ የሚወርደውን ሁሉ እየለመነም እየተቆጣም አስተወ። «አሁን መኪና ገደል አይገባም» ይላል አባቴ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፉ፣ «ሹፌሮቹም ቦታውን ደሳለኝ ማቆሚያ ብለውታል፤ ገበሬው ሳይቀር ከደሳለኝ ማቆሚያ በላይ፣ ከደሳለኝ ማቆሚያ በታች እያለ ማሳውን ይናገራል።»

እስቲ ፍረዱ። እኔ ዶክተር ልባል ነው፣ ስሜ የቀደመበት ወረቀት አንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ተቀምጧል፣ ማንም አያነበውም። እሱ በቁሙ የቦታ ስም ሆነ። ይህ አልበቃ ብሎ፣ እናቴ ሲያማት ወንዛዬ ፍል ውሃ የወሰዳት እሱ ነው፤ ድንቹን የሚያስቆፍርላት እሱ ነው፤ ልጅ ሲወልድ አባቴ ዳግመኛ ክርስትና አነሳለት። እናቴ በአባቴ እጅ እንዲህ አስጻፈችብኝ፦ «እንደ ደሳለኝ ያለ ልጅ እግዜር ለሁሉ ይስጥ።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ውጬ ማደር አቃተኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፣ የእኔ ወርቅ ግን በሰው አንገት ደመቀ፤ እኔም የሰውን ወርቅ አጥልቄ ነበር የተቀመጥሁት።

ዶክትሬቱ ሲያልቅ የመመለሻ ትእዛዜ መጣ። «ከጓድ ደሳለኝ ባዬ ጋር በመሆን» ይላል፣ የደብረ ታቦሩን የከባድ መኪና ፍሬን ሥራ እንድመራ፣ ማለትም የእሱ አለቃ ሆኜ። እሱ ተነሥቶ «አያ፣ እዚህ ተቀመጥ» ሊለኝ ታየኝ፤ ሹፌሮቹ ዶክተሩን ጥያቄ ሊጠይቁት፣ ዶክተሩ ደሳለኝን ዞሮ ሊያይ። እኛ የውጭ ተማሪዎች ቪዛ ካገኘን ምዕራብ በርሊን ደርሰን መመለስ እንችል ነበር። አንድ ማለዳ ባቡር ተሳፍሬ ደረስሁና አልተመለስሁም።

የምዕራቡ የስደተኛ መኰንን ወፍራም፣ ጨዋ ሰው ነው። የጽሕፈት መኪናውን አስተካክሎ ጠየቀኝ።

«ከማን ነው የሸሹት?»

«ከመንግሥቴ።»

«መንግሥትዎ ምን አደረገዎ?»

«ዶክትሬት አስተማረኝ።»

ጣቱን ከመኪናው ላይ አነሳ። «ሌላስ?»

«ሥራ ሰጠኝ። አለቃ አደረገኝ።»

«ሄር ዘለቀ» አለ አዝኖ፣ «እንዲህ ያለ ጭቆና የምሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

ያን ጊዜ ስለ እስር፣ ስለ ቀበሌ፣ ስለ ጦርነቱ ነገርሁት። ያልሁት ሁሉ እውነት ነው፣ በሌሎች ላይ የደረሰ እውነት ነው። እነሱ የሸሹትን ሽሽት ተበደርሁ። እኔ የሸሸሁት አያ ብሎ ከሚጠራኝ ሰው ነበር፤ ለእሱማ እውነትም ቅጽ የለውም።

ተቀበሉኝ። የመኪና መለዋወጫ የሚፈትሽ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ገባሁ፣ ኑሮዬም ተስተካከለ። ቤት ያከራየኝ ሽማግሌ የደወሉ ሰሌዳ ላይ «ዶክተር» የሚለውን ሲያይ ወዲያው ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን አሳየኝ።

«እኔ የመኪና ፍሬን ዶክተር ነኝ» አልሁት።

«ምን ልዩነት አለው? የሚያመኝ ቁልቁለት ስወርድ ነው» አለ። እስካሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ መድኃኒት ያልሰጠሁት በንቀት ይመስለዋል።

ሁለት ዓመት ለቤተሰቦቼ ክፉ እንዳይደርስባቸው ብዬ ድምፄን አጠፋሁ። በመጨረሻ በሰው እጅ ለአባቴ ደብዳቤ ላክሁ። በዚህ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ደብረ ታቦር ስልክ ቤት ድረስ እናቴን አምጧት፣ እደውላለሁ አልሁ። የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ሳምንቱን ሙሉ የምላትን ሳዘጋጅ ሰነበትሁ። ያገኘሁት መስመር የተፈቀደው ለስድስት ደቂቃ ብቻ ነው።

የአዲስ አበባዋ ስልከኛ፣ ቀጥሎ የባሕር ዳሩ፣ ቀጥሎ ሌላ ድምፅ ተቀባበሉኝ፤ ከዚያ እናቴ መጣች። ስልክ ማለት ጩኸት ስለመሰላት ትጮኻለች።

«ታዴ! አንተ ነህ? ጤና ነህ? በላህ?»

«ጤና ነኝ እናቴ። አንቺስ? አባባስ?»

«ደኅና ነን፣ እግዜር ይመስገን። ደሳለኝ ነው ያመጣኝ። ደሳለኝ እኮ ነው በመኪናው…»

ያንኑ ስም። የእኔ ስድስት ደቂቃ ውስጥ ገብቶ! ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። «አጠገብሽ ነው? ስጪው» አልኋት።

«አያ» አለ። ድምፁ አላረጀም።

«ደሳለኝ፣ ስማኝ፣ ጊዜ የለም። ያ ወረቀት ያንተ ነበር። እዚያ አገር ስም የሚቀድመው የሥራው ባለቤት ነው። አንተ አታውቅም ነበር፣ እኔ አውቅ ነበር። ፕሮፌሰሩ ሲጠይቁኝ ዝም አልሁ። ቦታህን የወሰድሁብህ እኔ ነኝ።»

መስመሩ ሺ… አለ።

«አያ፣ እሳቸው እኮ ጠርተውኝ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«አንተን ከመጥራታቸው በፊት። ደብተሩን አይተዋል፣ የእጅ ጽሑፉ የእኔ እንደሆነ ያውቃሉ። የስሙንም ነገር ነገሩኝ። "ሐሳቡ የማን ነው?" አሉኝ። የወንድሜ ነው፣ እሱ እየነገረኝ እኔ እየጻፍሁ ነው አልኋቸው።»

«ለምን?» ጮኽሁ። የቤቱ ባለቤት ጉልበቱን እያሸ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«እኔ አገሬ መግባት ፈልጌ ነበር። ቁልቁለቱም እዚህ ነው። አንተ ደግሞ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ አዋቂ ፊት የማይነገር ነገር ሲሆንበት እንደሚያደርገው። «አንተ ደግሞ እኔ ቀርቼ አንተ ብትመለስ፣ የምትኖር አልመሰለኝም። አትቆጣኝ አያ።»

ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው፣ ምናልባት ከልጅነታችን ጀምሮ፣ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እያወቀ ነበር የሚያቅፈኝ። ይቅር መባሌ ነውና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያለ ኀፍረት ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ደቂቃ ቀንቼ አላውቅም። ሰረቅሁ ብዬ ስድስት ዓመት የተሸከምሁት ኃጢአት እንኳ የእኔ አልነበረም። እሱ ነው የሰጠኝ። ክፋቴም ውስጥ እሱ ነበር ዋናው።

ስልኩ እጅ ለወጠ። እናቴ ነበረች፤ አሁን አትጮኽም።

«ሰውዬው ደቂቃው አለቀ ይለኛል» አለች። «ሳይነጋ ተነሥቼ ነው የመጣሁት፣ ታዴ። ድምፅህን ልሰማ ነው የመጣሁት። ያለችኝን ደቂቃ ሁሉ ለደሳለኝ ሰጠሃት?»

በድምፅዋ ውስጥ ያለውን ቅናት አወቅሁት። ከማን እንደወረስሁት ያን ጊዜ ገባኝ። «እናቴ፣ እንደገና እደውላለሁ፣ ለአንቺ ብቻ» ልላት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ።